ድምፁ የተዘጋ ሰርግ

ጥራት ሲበዛ ሐሜት ይሆናል። አትሳቁ፤ ላስረዳችሁ። እኛ ልጆች ሳለን ጎንደር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ገብተን የምናየው ፊልም ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝናብ ይዘንብበት ነበር። ታሪኩ የክረምት ሆኖ አይደለም፤ ካሴቱ አርጅቶ ነው። የተዋናይዋን የዓይን ቀለም ማንም አያውቅም፤ እያንዳንዳችን ደስ ያለንን ቀለም ሰጥተናት ወደየቤታችን እንገባ ነበር። አሁን ዘመኑ የጥራት ሆነና የቆንጆዋን የከንፈር ጠባሳ፣ የጀግናውን የተሰበረ ጥፍር ሳይቀር እያየን፣ ታሪኩን ትተን ሰውየውን ማማት ጀመርን።

እኔም ከሐሜተኞቹ አንዱ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ ሀገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠልኝ ላፕቶፕ አለኝ። ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ሶኬት ካልሰኩለት ዓይኑን አይገልጥም። አንድ ሙያ ግን አለው፤ ብሉሬይ የሚባሉትን ባለ ከፍተኛ ጥራት የፊልም ዲስኮች ያጫውታል። እነዚህ ዲስኮች ሲያዩዋቸው ከተራው ዲቪዲ አይለዩም። ላያቸው አንድ ነው፣ ሆዳቸው ሌላ። ለተራ ማጫወቻ ቢያጎርሷቸው ጥቂት አላምጦ ይተፋቸዋል። ባለቤቴ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናትና፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ቆዳ ሳይ ውዬ ቤቴ ገብቼ ደግሞ የተዋናይ ቆዳ አላይም እያለች ፊቷን ታዞርብኛለች። እኔ ብቻዬን ላፕቶፔን ትራስ ላይ አስቀምጬ፣ ማራገቢያው እየጮኸብኝ፣ ጥራት እኮመኩማለሁ።

ታዲያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ በር አንኳኩ። እትዬ የሻረግ የመሪጌታ ጥበቡ ሚስት ናቸው፤ ነበሩ ማለት ይከብደኛል። መሪጌታ ከሞቱ ወራት አልፈዋል፣ ሙት ዓመታቸው ግን ገና ነው። እትዬ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተው ተቀመጡና ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። ዲስክ ነው። የልጃቸው የትዕግስት የሰርግ ፊልም።

የዲስኩ ታሪክ ረጅም ነው፤ ላሳጥርላችሁ። ሰርጉን የቀረጸው ልጅ ከዚሁ ከጎንደር ፒያሳ የመጣ ጥራት ወዳድ ነበርና ፊልሙን በብሉሬይ አድርጎ አንድ ፍሬ ብቻ አስረከባቸው። የቤታቸው ማጫወቻ አላምጦ ተፋው። ቆሻሻ ይዞት ይሆናል ብለው በሳሙና አጠቡት። አሁንም ተፋው። የጸበል ጠብታም ሳያርፍበት አልቀረም። ቀራጩን ቢያፈላልጉት ካሜራውን ሸጦ፣ ሰሊጥ ንግድ ገብቶ፣ ወደ ቆላው አገር ወደ ሳንጃ ወርዷል አሏቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን መሪጌታ ታመሙ፣ ቀጥሎም አረፉ። ዲስኩ ሳይታይ ሳጥን ገባ።

እንግዲህ ሐዘን የገባበት ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ታውቃላችሁ። ነጠላ ጣል ይደረግበትና ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ጥግ ላይ እንደ ታመመ ሰው ተሸፋፍኖ ይቀመጣል። ዘፈንማ በዚያ ቤት አይታሰብም። ባለቤቴም ይህንኑ አስባ፣ እትዬ እስከ ሙት ዓመቱ ቢታገሡ ምናለ ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀቻቸው። እትዬ መሬት መሬት እያዩ ነገሩን አወጡት። መሪጌታ በልጃቸው ሰርግ ጨፍረዋል ይባላል። እትዬ ግን ድንኳኑ ኋላ ወጥ ሲያወጡ ስለ ነበር አላዩም። በተዝካሩ ቀን ይኸው ተነስቶ ግማሹ ሰው ጨፍረዋል፣ ግማሹ ኧረ ቆመው ነበር አለ። ሙሽራዋ ትዕግስት አባቴ ጨፍሯል ባይ ናት፤ ግን እሷ ያን ቀን በእንባ ውስጥ ሆና ምን እንዳየች ማን ያውቃል? መሪጌታን ራሳቸውን በሕይወት ሳሉ ቢጠይቋቸው ሰው ገፍቶኝ ነው ብለው ዘግተውታል።

«አርባ ዓመት አብሬ ኖርሁ» አሉ እትዬ። «ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ግን ሲስቁ አላየሁም፣ ሲጫወቱ አላየሁም። ከኔ ጋር ኖረው አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሏቸው እንደሁ፣ በዓይኔ ልይ።»

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰካሁ።

እትዬ ግን ሕግ አክባሪ ናቸውና ያለ ፈቃድ አይሆንም አሉ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞላ ተጠሩ። ቄስ ሞላ ከመሪጌታ ጋር ከቆሎ ተማሪነት ጀምሮ አብረው ያደጉ፣ አብረው ያረጁ ናቸው። ላፕቶፑን ዙሪያውን አዩት፤ ክዳኑን ገለጥ ከደን አደረጉት። ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። አንደኛ፣ ይህ የሥራ ዕቃ ነው እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም። ሁለተኛ፣ ክልከላው ለዘፈኑ ነው፤ ድምፁ ከተዘጋ የቀረው ሥዕል ነው፣ ሥዕል ደግሞ ቤተ ክርስቲያንም አላት። ሦስተኛ፣ ነገሩ በሥርዓት መፈጸሙን ለማየት እሳቸው ራሳቸው ይቀመጣሉ። ሲቀመጡም ከሁላችን ፊት ተቀመጡ።

ድምፁን ዘጋሁ። ዲስኩ ተሽከረከረ። ሳሙናው ይሁን ጸበሉ እንጃ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ ተከፈተ።

አቤት ጥራት! ድንኳኑ ላይ ያለው ስፌት ይቆጠራል። አንዲት የምናውቃት ሴትዮ ጥብሱን በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ቁልጭ ብላ ታየች፤ ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ፤ እዚህ ግን ነገሩም በብርሌ መጣ። ቄስ ሞላ እዚያው ሥዕሉ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ አንዱን ብርሌ ሳይጨርሱ ሌላውን በዓይናቸው ሲጠሩ ታዩ። እዚህ ያሉት ቄስ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ድምፅ የለምና ክፍሉ ጭር ብሏል፤ የሚሰማው ማራገቢያው ብቻ ነው።

ከዚያ መሪጌታ መጡ። ወጣቶቹ በሁለት እጃቸው ጎትተው መሃል አስገቧቸው። ጥምጥማቸው ትንሽ ዘመም ብሏል፤ ግንባራቸው ላይ ያለው ላብ ያበራል። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መሪጌታ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ቀጥሎ የሆነ ሰው በትር ተቀብለው ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ግራ ዘንበል፣ ዝቅ፣ ቀና አሉ።

ቄስ ሞላ በደስታ ተንፈስ አሉ። «የሻረግ፣ አይዞሽ። ሸጋ ዝማሜ ነው። ወዳጄ አልዘፈነም፤ ማሕሌት እንደ ቆመ ሆኖ አሸበሸበ እንጂ። ስሙ ንጹሕ ነው።»

የሟች ክብር ዳነ። እኔም ደስ ብሎኝ ፊልሙን እዚያው ላይ አቆምሁና ወደ እትዬ ዞርሁ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ደስታ አልነበረም። አንድ ነገር የተቀማ ሰው ፊት ነበር። ሰው ሊያጽናናን ብሎ የምንፈልገውን ነገር ሲወስድብን ምን ይባላል? ዝም ይባላል። እሳቸው ግን ዝም አላሉም።

«ልጄ፣ ድምፁን ክፈተው» አሉኝ።

ባለቤቴ ደነገጠች። ሐዘን ላይ ናቸው፣ ጥቁር ለብሰዋል፣ ዘፈን ነው፣ የንስሐ አባታቸው እዚሁ ተቀምጠዋል። እኔ እጄ በአየር ላይ ቀረ።

«አባ፣ መሪጌታ ማሕሌት ሲቆሙ አርባ ዓመት አይቻለሁ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ዝማሜያቸውን አውቀዋለሁ። ይኸ ትከሻ ግን ዝማሜ አልመሰለኝም። ከበሮውን ሳልሰማ አልፈርድም።»

ቄስ ሞላ ሥዕሉን አዩ፣ እትዬን አዩ፣ ብድግ አሉ። ተቆጥተው መውጣታቸው ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። እሳቸው ግን ሄደው መስኮቱን ዘጉ፤ በሩን ቀረቀሩ፤ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ተቀመጡና «ምነው ትቆያለህ? ቀስ አድርገህ» አሉኝ።

ወደ ኋላ መልሼ ድምፁን ከፈትሁት። ከበሮው ገባ፤ ጭብጨባው ገባ፤ እልልታው ገባ። ለካ ያ ሁሉ ዝቅ ቀና ምቱ እስኪፈጥን መጠበቅ ነበር። ከበሮው ሲፈጥን የመሪጌታ በትር ተጣለ፣ ትከሻቸው ወረደች፣ ወጣች፣ ልክ ምቱ ላይ አረፈች። ሰውየው እየጨፈሩ ነበር። ያውም እየሳቁ። የጎደለችው የመንጋጋ ጥርሳቸው ቦታ እስኪታይ ነው የሚስቁት።

ድንገት ቀና ብለው ከሰዉ ራስ በላይ፣ ወጥ ወደሚወጣበት ወደ ድንኳኑ ኋላ ተመለከቱ። መዳፋቸውን ወደ መሬት አዙረው ጣቶቻቸውን ሰብሰብ፣ ሰብሰብ አደረጉ። ነይ ማለት ነው። ማንም አልመጣም። ደግመው ጠሩ። ካሜራው ወደ ሙሽሮቹ ዞረ።

«እኔን ነው» አሉ እትዬ።

 

ያችኑ ቦታ ደግሜ እንዳሳያቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ደገምሁት። መሪጌታ እንደገና ሳቁ፣ እንደገና ጠሩ። በዚህ ጊዜ እትዬ የሻረግ ተነሱ። ጥቁሩን ነጠላ ወገባቸው ላይ አገለደሙ፤ እንባቸው እየወረደ ላፕቶፑ ፊት ቆሙ። «መጣሁ፣ አያ ጥበቡ» አሉ። ትከሻቸው አንዴ ወረደች፣ አንዴ ወጣች። ባለቤቴ በመዳፏ ቀስ ብላ አጨበጨበች። ቄስ ሞላ ጣራውን ይመለከቱ ነበር፤ ጣታቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ምቱን አልሳተም።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ቄስ ሞላን መንገድ ላይ አቁማ፣ ትናንት ከነዚያ ሰዎች ቤት የከበሮ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ በሩም ተዘግቶ ነበር፣ ምን ኖሮ ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

«የመሪጌታ መታሰቢያ ነበር» አሏት። እውነታቸውን ነው።