ለአንድ ልጅ አሥራ ስምንት ሽማግሌ

የአገር መሪ ውጭ አገር ሄዶ ከአውሮፕላን ሲወርድ፣ እጁን አወዛወዘ ብላችሁ ቴሌቪዥኑን አትዝጉት። ዋናው ትርዒት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላው አማካሪው ይወርዳል፤ ከአማካሪው ኋላ የአማካሪው አማካሪ፤ ቀጥሎ ቦርሳ ያዥ፤ ቀጥሎ ቦርሳ ያዡን የሚጠብቅ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ራሱም የማያውቅ ባለ ጥቁር መነጽር። እኛ ድሬዳዋ ሻይ ቤት ተቀምጠን እንቆጥራለን። አርባ ላይ ስንደርስ ሻያችን ይቀዘቅዛል፤ በድሬ ሙቀት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ስንት ሰው መውረድ እንዳለበት እናንተው ገምቱ። አንድ ወረቀት ፈርሞ ለመመለስ ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል እያልኩ ከሁሉም አብልጬ የምሳለቀው እኔ ነበርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የእህቴ ልጅ ሳሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠራል። ሄለን የምትባል የሐረር ልጅ ከወደደ ሦስት ዓመት ሆነው፤ እሷም ትወደዋለች። የቀረው አባቷን አቶ ታደሰን ሽማግሌ ልኮ መጠየቅ ብቻ ነው። እሳቸው እንቢ ካሉ ግን ከቃላቸው እንደማትወጣ ቁርጡን ነግራዋለች። ሳሚ ያን ሰሞን ምሳውን ሳይጨርስ ይነሳ ነበር።

ወጉ ሦስት ሰው ነው። እኔ አጎቱ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ፣ እና አርባ ዓመት አጥር ተጋርተን የኖርነው፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚነግደው ጎረቤቴ አብዲ። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አብዲ ግን «አቦ፣ ሦስት ሆነን ብንሄድ ልጁ ወገን የለውም አይሉንም?» አለኝ። እውነት መሰለኝ። እህቴ ደግሞ የዕድሩ ሊቀመንበር ከቀሩ ይቀየማሉ አለች። ሊቀመንበሩ ሲጠሩ ጸሐፊው ሳይጠራ መጣ። የሳሚ የሥራ አለቃ ስለ ጠባዩ ይመስክር ተባለ፤ አለቃው ብቻውን እንዳይደብረው ባልደረባ ጨመረ። መኪና የሚያዞራቸው አንድ አዛውንት ደጋፊ ያዙ። መንገድ አሳይም ተመደበ፤ ከድሬ ሐረር የሚወስደው መንገድ አንድ መሆኑን ያስታወሰ የለም። እኔም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልኩ ስምንት የአጎቶቼን ልጆች አከልኩ። እሁድ ጠዋት አሥራ ስምንት ሆነን፣ ለሐረር ብርድ ኮታችንን ደርበን፣ በሁለት ሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ተያያዝነው።

አቶ ታደሰ በሩን ከፍተው በደስታ ያሳልፉን ጀመር። ሰባተኛው ሰው ላይ ፈገግታቸው ቀነሰ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውጭ አዩ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ እኛም ቆምን። እንቀመጥ ብንልም ቦታ አልነበረም። መምሬ ልጅዎን ለልጃችን ብለው በወጉ ጠየቁ። አቶ ታደሰ በዓይናቸው ቆጠሩን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እውነቱን ንገሩኝ፤ ልጁ ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ።

ምን ይፈረድባቸዋል? በአገራችን ሽማግሌ የሚበዛው በጥፋቱ ልክ ነው። ለአጥር ጠብ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ለደም ግን አገር ይወጣል። አሥራ ስምንት ሰው ደጃቸው ሲቆም ሌላ ምን ያስቡ? ልናስተባብል ተሽቀዳደምንና ጭራሽ አባስነው። ሊቀመንበሩ ልጁ አይጠጣም አሉ። ጸሐፊው ከማንም ጋር ተደባድቦ አያውቅም አለ። መንገድ አሳያችን ደግሞ፣ ጠያቂ ሳይኖር፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እንደማያውቅ መሰከረ። ባመሰገንነው ቁጥር የአቶ ታደሰ ፊት ይጠቁራል። በመጨረሻ «የፊታችን ቅዳሜ ልጁ ራሱ ይምጣ። ብቻውን» ብለው ሸኙን። ቁልቁለቱን ወረድን። አፈርኩ፤ የልጁን ትዳር በገዛ እጄ ያፈረስኩት መሰለኝ።

ቅዳሜ ሳሚ ብቻውን ሄደ። እኛ ከአብዲ ሱቅ በር ላይ ተሰብስበን ስንጠብቅ ዋልን። ከምሳ በኋላ እየሳቀ መጣ። አቶ ታደሰ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው አለን፤ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ምንህ ናቸው? እሱም ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እንዲቀንሱ ለምኜ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ‹ሳሚን ከእኔ በላይ የሚወደው የለም› ብሎ ስለሚያምን የሚቀር ጠፋ ሲል መለሰላቸው። ሰውየው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይህን ሁሉ ሰው የቻለ ልጅ አንዲት ሚስት አታቅተውም። ሰጥቼሃለሁ» አሉት።

እኔ ሳሚን አቅፌ ሳምኩት። ሁለተኛ ከሦስት ሰው በላይ ይዤ የትም አልሄድም ብዬ በልቤ ማልኩ። አብዲ ግን ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞረ።

«አየህ አቦ» አለኝ፣ «ሠላሳ ሆነን ሄደን ቢሆን ኖሮ እዚያው በዕለቱ ይሰጡን ነበር።»