ለከለር ፎቶ ነጭ ለብሰው የመጡት

የከለር በሽተኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? የድሮ ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ "ይኼ ደግሞ ምኑ ፎቶ ነው!" የሚል? በዚያን ዘመን ጎንደር አራዳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ፤ የከለር ፊልም የመጣ ጊዜ ከተማው ሁሉ እንዲህ ሆነብኝ። አልዋሽም፣ እኔም ሕልሜን በከለር ማየት ጀምሬ ነበር።

አያ ደሴን ግን አልረሳቸውም። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺ ጋር ከድብ ባሕር መጡ። በእንዶድ የታጠበ ልብሳቸው ዓይን ይወጋል፤ ጋቢው ነጭ፣ ቀሚሱ ነጭ፣ ነጠላው ነጭ። ለእንዲህ ያለ ክብር ሌላ ምን ይለበሳል? አነሣኋቸው። ፊልሙ ባሕር ተሻግሮ ታጥቦ እስኪመለስ ሦስት ወር ፈጀ።

ባልና ሚስቱ ሊወስዱት ሲመጡ፣ አያ ደሴ ፎቶውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፤ ፀሐይ ላይ አገላብጠው አዩት።

"ምነው ልጄ፣ ቀለሙ የታለ?"

ከዚያ ሁሉ ነጭ መካከል የወይዘሮ የሺን አንገት አሳየኋቸው። ንቅሳታቸው እንደ ክረምት ሣር አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል። አያ ደሴ ፎቶውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ደግሞ ፎቶውን አዩ።

"ሸጋ ነው! መቼ ተነቀስሽው?"

"ሳታገባኝ በፊት ነዋ!" አሉ ወይዘሮ የሺ።

ከልቤ ሳቅሁባቸው። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን፣ ሚስቴ ጧት የለበሰችው ቀሚስ ጥለቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ ላስታውስ ሞከርሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ብጠብቃት፣ ጥቁርና ነጭ ሆና መጣች።