መስኮት የምታስከፍተው ሲስተር

በየሰፈሩ ሰው በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ የማትፈቅድ አንዲት ሴት አለች። የእኛን የላከብን ጤና ጣቢያው ነው። ክብርት ሲስተር ጵርስቅላ ትባላለች። «ክብርት» ያልኳት እኔ ነኝ፣ ከንዴቴ ብዛት።

ቤታችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፉ መሀል ነው። በነሐሴ ጉሙ ቤት ውስጥ አብሮን ያድራል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ መስኮቱን በአሮጌ ጨርቅ እንወትፋለን። ሲስተር ግን ጃንጥላዋን እያንጠባጠበች ትገባና፣ ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳትል ጨርቁን ትመዘዋለች።

«ነፋስ ገድሎ አያውቅም» ትላለች። «የሚገድለው የከሰሉ ጭስ ነው።»

በአንድ ለአምስት ስብሰባውም ይኸው ነው። ውሃ አፍሉ፣ እጅ ታጠቡ፣ ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ፣ መስኮት ክፈቱ።

ጎረቤቴ እትዬ አሳየች አንድ ቀን አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ አንቺ ማታ ወደ ሞቃት ቤትሽ ትወርጃለሽ። ብርዱን ለማን ትተሽው ነው?»

«እሱንም ከፍታችሁ አስወጡት፣ እትዬ።»

እኔ ዝም ነው። ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋብኛል። እሷ ስትወጣ ጨርቁን መልሼ እወትፋለሁ፣ ንዴቴንም እዚያው አብሬ።

ቀበሌው ወረዳ በተባለበት ዓመት፣ በክረምቱ፣ ልጄን ኢፍቱን ሳል ያዛት። ጤና ጣቢያ አልወሰድኳትም። አባይነህ ካርድ የሚሰጥበት መስኮት ላይ ቆሞ ስም መናገር ለእኔ ሞት ነው። አንዴ «ጮክ በይ፣ ሹክሹክታ አይሰማም» ብሎኝ ሰልፍ የያዘው ሁሉ ስቆብኛል። ስለዚህ ከሰሌን አቀጣጥዬ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ወትፌ ተቀመጥኩ።

ሲስተር መጣች። ጨርቁን መዘዘችው። ልቆጣ አፌን ስከፍት የኢፍቱን ልብስ ገልጣ ደረቷን አየች። በተነፈሰች ቁጥር ጎድኗ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ተነሺ። አዝለሻት እንወርዳለን።»

በጭቃው እየተንሸራተትን ወረድን። መንገዱን ሙሉ ስትቆጣኝ ነበር። ስንደርስ አባይነህ መስኮቱን ሊዘጋ ነው።

«የዛሬ ካርድ አልቋል። ነገ በጠዋት ኑ።»

እኔ ልመለስ ዞርኩ። ሲስተር ጃንጥላዋን በመስኮቱ አስገብታ መዝጊያውን ያዘችው።

«ክፈት።»

«ሲስተር፣ ብርዱ ገደለኝ፣ ልዝጋበት።»

«ነፋስ ገድሎ አያውቅም። ስሟ ኢፍቱ ነው፣ ጻፍ።»

የሳንባ ምች ነበር። ሐኪሙ «ዛሬን ብታሳድሯት ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ተወው። መርፌውን ጨርሳ ልጄ ዳነች።

ንዴቴ ግን አልበረደም። የታመመ ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው መስኮት የሚከፈተው በጃንጥላ ነው እንዴ? ክፈቱ፣ ክፈቱ ሲሉን ከርመው የራሳቸውን ይዘጉብናል። ሲስተር ባትኖርስ? ሁልጊዜ ሲስተር ከየት ትመጣለች?

በቀደም ኢፍቱን ለማሳየት ወርጄ ካርዴን እንደተቀበልኩ፣ አባይነህ ከኋላዬ የቆሙት አባባ ገረሱ ላይ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል እጄ መሀል ገባ። እኔ አላዘዝኩትም።

«ምን ፈለግሽ?»

«አይዘጋ» አልኩ።

አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። የሳቀ የለም። አባባ ገረሱ ካርዳቸውን ወሰዱ።

ይህን ለሲስተር አልነግራትም። ደስ ይላታል፤ ደስ ካላት ደግሞ ነገ መጥታ በሩንም ንቀሉት ትለናለች።