ማንም ምንም አያውቅም እንበል

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ዕቃ የሚጠቀምና ዕቃ የሚጠብቅ። ለእንግዳ የተቀመጠውን ብርጭቆ እንግዳ ሲመጣም የማያወጡ አክስት፣ አዲሱን ሶፋ ከነላስቲኩ የሚያስረጁ ጎረቤት፣ ማይክሮፎኑ እንዳይበላሽ በፎጣ ጠቅልለው በባዶ ጉሮሯቸው የሚጮኹ ሰባኪ፣ ሁሉም የአንድ ዘር ሰዎች ናቸው። እናንተም ቢያንስ አንድ ታውቃላችሁ፤ ምናልባትም አብራችሁ ትኖራላችሁ። የዘሩ ንግሥት ግን እዚህ ሞንቴሪያ ከተማ፣ እኔ በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ፣ በምህንድስና ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል።

ክብርት ሴኞ ዴያኒራ ፓቼኮ፣ የኮምፒውተር ላብራቶሪዎች ኃላፊ፣ የቁልፎች ሁሉ እናት፣ የአየር ማቀዝቀዣው የበላይ ጠባቂ። «ሴኞ» እኛ ዘንድ የሴት አስተማሪ መጠሪያ ነው። እሳቸው አንድም ቀን አስተማሪ ተብለው ተቀጥረው አያውቁም፤ በስማቸው ብቻ የጠራቸው ተማሪ ግን እስኪመረቅ ድረስ ደህና ኮምፒውተር አይደርሰውም።

ኮምፒውተሮቹን ልብስ አልብሰዋቸዋል። ቀልዴን አይደለም። ከተራረፈ መጋረጃ ለእያንዳንዱ ሽፋን ሰፍተዋል፤ ዳር ዳሩን ሽንሽን አለው፤ መሃሉ ላይ ስም ተጠልፎበታል። ሌላው ዓለም ኮምፒውተሩን በቁጥር ይጠራል፤ እሳቸው የአክስቶቻቸውን ስም አወጡለት፤ አክስቶቹ ሲያልቁ ወደ ጎረቤት ተሻገሩ። ማሽኑ አርጅቶ ሲቀየር ተተኪው ስሙን ከነልብሱ ይወርሳል። ስለዚህ በፈተና ሰሞን «ፊደሊና ዛሬም አልነቃችም፣ ኤልቪራ ጋ ሂድ» ሲባል ብትሰሙ አትደንግጡ።

ቅዝቃዜውስ? ሞንቴሪያ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ቂም ይዛብን ይመስል ነው። በወንዙ ዳር ዛፎች ላይ ያሉት እንሽላሊቶች እንኳ ጥላ ይሻማሉ። የሴኞ ዴያኒራ ላብራቶሪ ግን በረዶ ቤት ነው፤ «ማሽን ሲያልበው ያኮርፋል» ባይ ናቸው። በቁምጣ የመጣ ተማሪ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ካዩ፣ ተረስተው የቀሩ ሹራቦች ካጨቁበት ጆንያ አንዱን ይወረውሩለታል። ዛሬ ድልድይ የሚሠሩ ስንትና ስንት መሐንዲሶች በየተራ የለበሱት አንድ ወይን ጠጅ ሹራብ እስካሁን እዚያ አለ።

አዲስ ተማሪዎችን ከላብራቶሪው ጋር የሚያስተዋውቁት እሳቸው ናቸው። ማስተዋወቅ ያልኩት ቃል አጥቼ ነው፤ ከማለዳ እስከ ምሳ የሚዘልቅ ቅዳሴ ነው። ገና ከበሩ ይጀምራል። ሰላምታ ሳይሰጥ የገባ ይወጣል፤ ወጥቶም ጤና ይስጥልኝ ብሎ እንደገና ይገባል። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ማንን ነው ሰላም የምንለው ያለ ተማሪ «አክስቶቼን» የሚል መልስ ያገኛል። ቀጥሎ እጅ መታጠብ ነው፤ ግቢው በር ላይ አሬፓ የሚባል በእንቁላል የተሞላ፣ በዘይት የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ ስለሚሸጥ፣ ዘይት የነካው ጣት ፊደሊናን አይነካም። ከዚያ ሽፋኑን እንደ ሙሽራ ሸሚዝ አጥፎ ማስቀመጥ። ይህ ሁሉ አልቆ፣ የአንዳንዱ ተማሪ ጢም ካደገ በኋላ፣ ሴኞ ዴያኒራ መሃል ላይ ቆመው መነጽራቸውን ያስተካክሉና ያችን ቃላቸውን ይናገራሉ።

«ማንም ምንም አያውቅም እንበል።»

ቤታቸው ላፕቶፕ የተደረደረላቸው የሐኪም ልጆች ኡፍ ይላሉ፣ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ይቀጥላሉ። ከታች ያለው ሳጥን ማሽኑ ራሱ ነው፣ ከላይ ያለው ፊቱ ነው፤ ፊቱን በመዳበስ አይነቃም። ሁሉም በአንድ ላይ ያበራል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ያጠፋል፤ እንደገና ያበራል። ማውዝ አይናከስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ልብ ያደርቃሉ፤ እውነቱን ልናገር፣ ልብ ያደርቃሉ።

ዘንድሮ አዲስ የክፍል ኃላፊ ከዋና ከተማው ከቦጎታ መጣልን። ኢንጂነር ሳንክሌሜንቴ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ደረጃ እንኳ ሲወጣ አንዱን እየዘለለ ነው። የሴኞ ዴያኒራን ቅዳሴ አንድ ጊዜ ቆሞ ቢያስቀድስ ራሱን ሊያመው ደረሰ። የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ ነው የሚወለደው፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብሎ አጭር ቪዲዮ አሠራ። ድምፁ የማን ሆነ? የእኔ። ቪዲዮው ከሠራ ማስተዋወቁ ይቀራል፤ ሴኞ ዴያኒራም ምድር ቤት ወርደው የተሰበሩ ወንበሮች መጋዘን ቁልፍ ይይዛሉ። ይህን ፊት ለፊት ነገራቸው። እሳቸው ሽፋኖቹን በሙሉ ቤታቸው ወስደው አጥበውና ተኩሰው መለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ ሃይደር የሚባል የከተማ ልጅ ሳተላይት ቢበላሽ እንኳ እንደሚጠግን ለጓደኞቹ ያወራል። ከእሱ ፈንጠር ብላ ሌዲስ የምትባል ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች፤ በጀልባ ብቻ ከሚደረስበት፣ ከወንዙ ግርጌ ካለ መንደር የመጣች ናት። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «መምህር፣ ዛሬ ፈተና አለ እንዴ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ሴኞ ዴያኒራ እንዳይናገሩ ተነግሯቸው በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተማሪው ማንንም ሰላም ሳይል እየተጋፋ ገባ። ኢንጂነሩ ሰሌዳው ላይ «ኮምፒውተሩን አብሩና ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› የሚለውን ቪዲዮ ክፈቱ» ብሎ ጽፎ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ሃይደር ሽፋኑን ገፈፈና ጥቁሩን መስታወት በጣቱ ወደ ላይ ይገፋው ጀመር። አንዱ የመስታወቱን ቁልፍ ተጭኖ «ተበላሽቷል» አለ። ሌላው ጎንበስ ብሎ ገመድ መንቀል ጀመረ። ከፊት ረድፍ ሁለት ልጆች ብቻ ተሳካላቸውና የእኔ ድምፅ ከሁለት ቦታ፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ «በመጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን አብሩ» ማለት ጀመረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው፤ ማሽን ማብራት የሚያስተምረውን ቪዲዮ ማሽኑ ውስጥ ቆልፈነዋል።

ኢንጂነሩ «ቀላል እኮ ነው፤ ያልገባው እጁን ያውጣ» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። ሌዲስ ከመጨረሻው ወንበር፣ ሽፋኗን እንኳ ሳታነሳ በሩን ታያለች። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ተነሳች። ያቺ ልጅ ከዚያ በር ከወጣች ወደ ጀልባው እንጂ ወደ ክፍል እንደማትመለስ ገባኝ፤ አንጀቴን በላችው።

ሴኞ ዴያኒራ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። ልጅቷን ዓይኗን እንኳ አላዩም።

«ሁላችሁም ውጡ» አሉ። «ሰላም ያለ ሰው የለም።»

«እሺ፣ ተማሪዎች፣ ወጣ በሉ» አለ ኢንጂነሩ።

«እርስዎም ኢንጂነር። እርስዎም ዝም ብለው ነው የገቡት።»

ወጣን። ሌዲስ ብቻዋን ልትወጣ የነበረችበትን በር ሁላችንም አብረናት ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሃይደር መሳቅ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለው። ከዚያ ጤና ይስጥልኝ እያልን አንድ በአንድ ገባን። እጅ ታጠብን። ሽፋን አጠፍን። ኢንጂነር ሳንክሌሜንቴ የኤልቪራን ሽፋን ሦስት ጊዜ አጥፎ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት።

«ማንም ምንም አያውቅም እንበል» አሉ ሴኞ ዴያኒራ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው «ኢንጂነሩም አያውቁም እንበል» ብለው ጨመሩ።

ሁሉም በአንድ ላይ አበራ። ሁሉም በአንድ ላይ አጠፋ። ሦስተኛው ላይ ሌዲስ ከማንም ቀድማ አበራችና ዞር ብላ ሃይደርን «ከታች ነው፣ ከታች፤ ፊቱን አትዳብሰው» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ቪዲዮውን መጨረሻ ላይ፣ ለማንም በማያስፈልግበት ሰዓት አየነው፤ በድምፄ እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ኢንጂነሩ የምድር ቤቱን መጋዘን ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ሎሪካ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ በዚያው ክፍል፣ ከመጨረሻው ወንበር፣ ፊደሊና ፊት ተቀምጦ ነበር። ኮምፒውተር የሚያውቀው በጋዜጣ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሹልክ ብሎ ለመውጣት የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞር እስኪል ነበር። ያኔ አንዲት ሴት መሃል ላይ ቆማ ማንም ምንም አያውቅም እንበል አለች፤ የሐኪም ልጆችም ከእሱ እኩል መሃይም ሆኑ። ልጁ እኔ ነኝ። ሴኞ ዴያኒራን የማማቸውን ያህል እወዳቸዋለሁ፤ ነግሬያቸው ግን አላውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት ልነግራቸው ሄድኩ። ለብቻቸው ሽፋን እያለበሱ ነበር።

«ሴኞ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

ቀና ሳይሉ በጣታቸው በሩን አሳዩኝ። ወጣሁ፤ ጤና ይስጥልኝ ብዬ፣ አክስቶቹንም ሰላም ብዬ ገባሁ። ወይን ጠጁን ሹራብ ከጆንያው አውጥተው ወረወሩልኝ።

«በል ልጄ፣ ፊደሊና ጋ ተቀመጥ» አሉ። «የድሮ ቦታህ አይደል።»