እኔን የጣለኝ ፖሊመር ነው

ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው። እኔ እዚህ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ክፍል የቆሰለ ዳሌዬን በቅባት እያሸሁ የተኛሁት ሴትዮ፣ ምን እንደ ደረሰብኝ የነገረችኝ ነቀምቴ ያለችው እናቴ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ደወለች። ገና «ሄሎ» ሳልላት ታለቅሳለች። ደንግጬ ተነሥቼ ልቀመጥ ስል ዳሌዬ መልሶ አስተኛኝ።

«ልጄ፣ አየሁሽ» አለችኝ። «መንፈስ ሲጥልሽ በዓይኔ አየሁ። ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ።»

ንግግራችን በኦሮምኛ ነበር፤ ለእናንተ ብዬ ነው ወደ አማርኛ ያመጣሁት። በኦሮምኛ ሲሆን ልቅሶው ይበልጥ አንጀት ይበላል።

ጎረቤቷ በስልኳ አንድ ቪዲዮ አሳይታታለች። ቪዲዮው ላይ እኔ አለሁ። ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ አፌን ከፍቼ፣ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ... ከዚያ የለሁም። ከኋላዬ የመዘምራን ቡድኑ እንደ ታጨደ ገብስ ይረግፋል። ከላይ ልብ የሚሰረስር የአምልኮ መዝሙር ተጭኖበታል። ከሥሩ ደግሞ «ኮንፈረንሱ ሳይጀመር ክብሩ ወረደ» የሚል ጽሑፍ።

እናቴን የማታውቁ ነገሩን እንደ ቀላል ታዩት ይሆናል። የጸሎት ጓደኞቿ ልጆች ሁሉ በየተራ አልቅሰዋል፣ ተንቀጥቅጠዋል፣ ወድቀዋል። የእሷ የበኩር ልጅ ግን መዝሙር መጽሐፏን ይዛ ቀጥ ብላ የምትቆም ናት። እዚያ አገር «ደረቋ» ነው የሚሉኝ። እኔ በማንም መውደቅ አልሳለቅም፤ እግዚአብሔር የወደደውን በወደደው መንገድ ይጎብኝ። እኔን እስከ ዛሬ የጎበኘኝ ቆሜ ሳለሁ ነው። እናቴ ግን ለዚህ ጉዳይ ስትጾም ኖራለች። አሁን ጾም ጸሎቷ ተመለሰ፤ እሁድ በጉባኤ ፊት ቆማ ስሜን ጠርታ ልትመሰክር ነው።

ችግሩ፣ እኔን የጣለኝ ፖሊመር ነው።

የምሠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያው ክፍል ነው። እዚያ የምንጠቀምበት ዱቄት ሙሉ ስሙ ፖሊአክሪላማይድ ነው፤ እኛ ግን ፖሊመር ብለን እናሳጥረዋለን። ነጭ ነው፤ ስታዩት ስኳር ትሉታላችሁ፤ ሽታም የለው። ደረቅ ሆኖ ሲቀመጥ እንደ እሱ ገራም ፍጥረት የለም፤ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ጭምብል፣ ለእጅ ጓንት፣ ለዓይን መነጽር ማድረግ ብቻ ነው። ውሃ ከነካው ግን ሌላ ሰው ይሆናል። እያንዳንዷ ፍሬ እንደ ተነከረ ተልባ ታብጣለች፣ ትዝለገለጋለች፣ የረገጣትን ሁሉ ታንሸራትታለች። ስለዚህ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምሰጠው ሥልጠና አጭር ነው፦ ከፈሰሰ በደረቁ ጥረጉ፤ ውሃ አታሳዩት። ከረጠበ ደግሞ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አልብሳችሁ በአካፋ ዛቁት። ወደ ቦይ አትልቀቁት፤ ቦዩ መጨረሻው ሐይቁ መሆኑን የሐዋሳ ሰው ያውቃል።

ታዲያ ይህ ዱቄት ቤተ ክርስቲያን ምን ወሰደው? እኔው ነኝ መንገዱን ያሳየሁት። በቤት ለቤት የጸሎት ኅብረታችን ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ ሰው ይገባዋል ብዬ፣ «ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ትንሽ ዱቄት ስንጨምር ቆሻሻው ተሰብስቦ ይዘቅጣል፤ ውሃው ይጠራል» አልኩ። የአዳራሽ ዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ማቴዎስ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ «ቆሻሻ» እና «ዱቄት» የሚሉትን ብቻ ይዘው ሄዱ።

የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለኮንፈረንሱ ተብሎ በዚያው ሰሞን ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ላይ የቀረው የቀለም ጠብታና የጭቃ እግር ኮሚቴውን እንቅልፍ ነሥቷል፤ የእንግዳው ሰባኪ ጫማ እንዴት በዚህ ላይ ይረግጣል? ጋሽ ማቴዎስ ትንሽ ዱቄት እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ሳሙና አለመሆኑንም፣ የእኔ አለመሆኑንም ነገርኳቸው። እንደኔ ዓይነቱን ሰው ሁሉም ነገር እንደሚያስፈራው ለኮሚቴው አስረድተው ጉዳዩን ዘጉት። ዘጉት ብዬ እኔም ተኛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጠረጴዛ ልብስ ይዤ ስደርስ አዳራሹ ወለል ላይ በረዶ የጣለ ይመስላል። መዘምራኑ ሱሪና ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ባዶ እግራቸውን፣ መወልወያ ይዘው ተሰልፈዋል። ከማዶ አንዱ የውሃ ጎማ ይዞ ይረጫል። ጋሽ ማቴዎስ መሐል ቆመዋል።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሽ ማቴዎስ?»

«የናንተው ዱቄት ነዋ» አሉኝ በኩራት። «አንቺ ብትነፍጊን እግዚአብሔር አልነፈገንም።»

እግዚአብሔር የሰጣቸው በአንድ ደንበኛቸው በኩል ነው፤ ከየት እንደመጣ እሱም እሳቸውም አይናገሩም። እኛ ለአንድ ትልቅ ገንዳ በእፍኝ የምንሰፍረውን፣ ኮሚቴው «ወለሉ ሰፊ ነው» ብሎ በጆንያ ዘርቶታል። ኮሚቴ ባለበት ሥልጠና ምን ይሠራል?

እኔ ስገባ ነገሩ ጀምሯል። ወለሉ ሲያዳልጣቸው ጊዜ ጋሽ ማቴዎስ የሰጡት ፍርድ፣ ሳሙናው ገና ስላልለቀቀ ውሃ ይጨመር የሚል ነው። ውሃ ሲጨመር ይበልጥ አዳለጠ። ይበልጥ ሲያዳልጥ ይበልጥ ውሃ ተጨመረ። በቀጭን ድምፅ የምትዘምረው አንዷ ሶፕራኖ ከመድረኩ ተነሥታ ሳትራመድ በሩ ጋ ደርሳለች። እኔ እንደ ሥልጠናው ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ፤ ውሃው እንዲዘጋ፣ ማንም ካለበት እንዳይንቀሳቀስ፣ ደግሞም ማንም ማንንም እንዳይዝ ጮኼ ተናገርሁ። ይህን ሁሉ ተናግሬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመድሁ፤ ወለሉ ግን ወደ ኋላ ወሰደኝ።

የቀረውን ቪዲዮው ላይ አይታችኋል። ቪዲዮው የማያሳየው፣ ጋሽ ማቴዎስ እኔን ሊያነሡ መጥተው ቴነር ዘማሪውን መያዛቸውን፣ ቴነሩ አልቶ ዘማሪዋን፣ አልቶዋ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ መያዟን ነው። ደጅ ላይ አንድ ባለ ባጃጅ ቆሞ ያየናል። «ገና ሳይሰበክ እንዲህ ከሆነ፣ ሲሰበክ ጣሪያው አይተርፍም» አለና ኮፍያውን አወለቀ። የመዘምራኑን ገጽ የምታስተዳድረው ትዕግሥት ደግሞ ጽዳቱን ልትቀርጽ ነበር የመጣችው፤ ያገኘችውን ቀረጸች።

ከዚያ በኋላ ከጎን ካለው ግንባታ አሸዋ ለምነን፣ አልብሰን፣ በአካፋ ዝቀን ወለሉን አዳንነው። ማንም አልተሰበረም፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እንግዳው ሰባኪም እሁድ ጠዋት አሸዋ እያንኮሻኮሹ ሰበኩ።

እናቴ እንደደወለችልኝ እያነከስሁ ጋሽ ማቴዎስ ሱቅ ሄጄ ቪዲዮው ከገጹ እንዲነሣ ለመንኋቸው። ብዙ ሰው ያንን አይቶ ወደ ኮንፈረንሱ መምጣቱን ነገሩኝ። ደግሞስ እግዚአብሔር በዱቄትም ቢሆን ይሠራ የለም? የእሳቸው የወገብ ሕመም ራሱ፣ ስንት ሐኪም ያልቻለው፣ ከወደቁ ወዲህ ለቋቸዋል።

«ታዲያ ለምን በአንድ ጎን ተቀመጡ?» አልኳቸው።

«ያ ሌላ ነው።»

እርሱ በወደደው ይሠራል፤ በዚህ አልከራከርም። ያልሠራውን ሥራ በስሙ እየጻፉ መዝሙር መጫን ግን፣ ለእኔ ለደረቋ፣ ስድብ ነው። ስለ ወለል ጽዳት ከኬሚስት የበለጠ የሚያውቀው ኮሚቴያችን፣ ለመንፈስ ቅዱስም የማስታወቂያ ክፍል ሆኖለታል።

ማታ ለእናቴ ደወልሁ። ዱቄቱን፣ ጆንያውን፣ ጎማውን አንድ በአንድ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ዱቄት ሰው አይጥልም» አለች።

«ሲረጥብ ይጥላል፣ እማዬ።»

«አፍሽስ? ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ልሳን አይደለም?»

«ውሃውን ዝጉ እያልኩ ነው።»

 

«አንቺ» አለችኝ፣ «ከልጅነትሽ ጀምሮ የተሰጠሽን ትመልሻለሽ። በዚያ የነበረ ሰው ካልነገረኝ አላምንም።»

ይህን ስትለኝ ዳሌዬ ካመመኝ በላይ አመመኝ። ዝም ብላትስ ብዬም አስቤያለሁ። ነቀምቴ ሩቅ ነው፤ እናቴም ደስ ይላታል። ግን ያቺ ሴት በሕይወቷ አንዲት የሐሰት ቃል ከአፏ አልወጣችም፤ በእኔ ምክንያት በእግዚአብሔር ሕዝብ ፊት ቆማ ስለ ፖሊመር እንድትመሰክር አልፈቅድም።

ስለዚህ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ለነበራችሁ በሙሉ፦ ትዕግሥት መዝሙሩን ስትጭን የመጀመሪያውን ድምፅ አጥፍታዋለች። ነገር ግን ከእናንተ አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ በራሱ ስልክ ሲቀርጽ አይቼዋለሁ፤ አንድም ሥራ ስላልነካ ሳይወድቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ድምፁ ያለበትን ቪዲዮ ከእሁድ በፊት ለእናቴ ላኩልኝ። «ውሃውን ዝጉ» ስል በጆሮዋ ትስማ። ብቻ፣ እባካችሁ፣ ከወደቅሁ በኋላ ለጋሽ ማቴዎስ ያልኳቸውን ቆርጣችሁ ጣሉት። እሱን ከሰማች ዱቄቱን ታምናለች፤ መዳኔን ግን መጠራጠር ትጀምራለች።