ክቡር ቀስ-በሉ እና የሚደበዝዘው መብራት

ክቡር ቀስ-በሉ ውሽማ ይዘዋል ተባለ። ወሬው የተነሣው ከሚሠሩበት ዓሣ ማርቢያ ዘበኛ ነው። ክቡርነታቸው ሲመሽ የዓሣ ጫጩቶቹን አዳራሽ ዘግተው፣ መብራቱን እያደበዘዙ፣ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ማለ። ሰፈሩም ወሬ ሲያገኝ ቅመም አይሰስትም።

እኛ ግን ተጠራጠርን። ሥራውን እንደ ጉንፋን ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው የትም አይጠፋም፤ የክቡርነታቸው ግን ከጉንፋንም ያለፈ ነው። ቤታቸው መጋረጃ የሚገለጠው ጣት በጣት ነው፤ ልጆቻቸው ታጥበው፣ በልተው፣ ትምህርት ቤት ደርሰው መጋረጃው ገና ግማሽ ላይ ነው። የጠፋ መብራት ድንገት ሲመጣ ሰፈሩ «እሰይ!» ሲል፣ እሳቸው የሚስታቸውን ዓይን በመዳፋቸው ጋርደው «ኧረ ቀስ በሉ!» ብለው ይጮኻሉ። አምፖል ለማብራት ይህን ያህል የሚዘገይ ሰው ለመወስለት ዕድሜ ይበቃዋል?

ባለቤታቸው ግን እንደኛ የመጠራጠር ትዕግሥት አልነበራቸውም። ስንት ዘመን የጸና ትዳር በዘበኛ አፍ ሲናድ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነው? አንድ ምሽት ወደ ማርቢያው ገሰገሱና የአዳራሹን በር በረገዱት። ከድንግዝግዙ ውስጥ የባላቸው ድምፅ መጣ፦

«በፈጠረሽ፣ መብራቱን እንዳትነኪ!»

ለተጠረጠረ ባል ከዚህ የከፋ ንግግር ገና አልተፈጠረም።

«ማናት?» አሉ እሜቴ።

«የትኛዋ?»

«ጭራሽ የትኛዋ!»

«እልፍ ናቸው እኮ፤ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ።»

እልፍ! እሜቴ የመብራቱን ቁልፍ እስከ ጥግ አዞሩት።

አዳራሹ ቦግ ሲል ገንዳው ፈላ። ከጥፍር የማይበልጡ ዓሦች እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ከግድግዳው ይላተሙ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይነባበሩ ጀመር። እሜቴ ደንግጠው ቁልፉን ሊመልሱ ሲሉ ባላቸው እጃቸውን ያዙ።

«ድንገት ከጨለመባቸው ደግሞ ይብሳል። የደነገጠ ጫጩት ምግብ አይነካም፤ ክፉኛ የተጋጨውም አያድርም። በናትሽ፣ ቀስ እያልሽ አዙሪው።»

እሜቴ ትንፋሻቸውን ውጠው አዞሩ። ብርሃኑ እንደ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ትርምሱም እየላላ ሄደ። አንዲት ጫጩት ብቻ በጎኗ ተንሳፋ ቀረች።

«ገደልኳት?» አሉ እሜቴ፤ ቅናቱ የት እንደ ገባ እንጃ።

ባልና ሚስት ገንዳው ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። ጫጩቷ ጭራዋን አንዴ ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች፣ ቀና ብላ ከጓደኞቿ ተቀላቀለች። ክቡርነታቸው ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

ይሄኔ የወሬውን መጨረሻ ሊያይ ተከትሎ የመጣው ዘበኛ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «ጌታዬ፣ ተገኘች?» አለ።

«ስማ አንተ!» አሉ ክቡርነታቸው፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ። «እዚህ ቤት ሴት የለችም። ፍቅርም የለም። «አይዞሽ» ብለህ የሰማኸው ሳል ነው። እኔ እንደውም ዓሣ አልወድም!»