ትላስካላን ለሽምግልና

ለሐይቅና ለአምባሰል ሕዝብ በሙሉ፦ ቁመቱ ከደንገል የማይዘል፣ ሆዱ ግን በበራሪ ወረቀት የተነፋ ጓድ ሙንተሲር፣ ዙለይሃን ለማግባት መወሰኑ በዚህ አዋጅ ተረጋግጧል። አዋጁ ለዙለይሃ ገና አልደረሳትም።

ዘመኑ ሥልሳ ዘጠኝ ነው። በምሥራቅ ጦርነት ተነስቶ ወንደላጤ ሁሉ ለሚሊሻ እየተለቀመ ነው፤ ሚስት ያለው ለጊዜው ይቀራል። ሙንተሲር ሽማግሌ ሊልክ ቢያስብ፣ የመንደሩን አዛውንት በየስብሰባው «አድኃሪ» እያለ ስለከረመ አንድም የሚቆምለት አጣ። የቀረው አሳ አስጋሪው ጓደኛው ሀሚዱ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባለው።

(ሐይቁ ዳር። ሀሚዱ የደንገል ታንኳውን ይጠግናል።)

ሀሚዱ፦ ያለ ጨው? ወላሂ አልዋጥልህም።

ሙንተሲር፦ አንተ ዋጥ መች ተባልክ? እነሱ ዋጡት። ትላስካላ ከሜክሲኮ ግዛቶች ሁሉ ትንሿ ናት። ደጋ፣ ተራራ፣ በቆሎ። ትልቅ ንጉሥ ዙሪያዋን ከቦ ጨው ከለከላት። አልሰገደችም።

ሀሚዱ፦ አሳ አላቸው?

ሙንተሲር፦ ስለ ጭቆና ሳወራህ ስለ አሳ ትለኛለህ።

ሀሚዱ፦ አባቷ ሸህ ሙሐመድሁሴን እኮ «የልጁ ማሳ የቱ ነው?» ነው የሚሉኝ።

ሙንተሲር፦ ለዚህ እኮ ነው። ማሳ የለኝም።

ሀሚዱ፦ ሲከፋፈል የት ነበርክ?

ሙንተሲር፦ ደሴ። ሰልፍ ላይ፣ «መሬት ላራሹ» እያልኩ።

ሀሚዱ፦ አራሹ ወስዶ ከዘራው በኋላ?

ሙንተሲር፦ ዝም ብለህ ስማ። «ልጁ ልክ እንደ ትላስካላ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ድሃ ነው፣ ግን አይንበረከክም» በላቸው። መልክዓ ምድሩን፣ ታሪኩን፣ ኢኮኖሚውን በተራ።

ሀሚዱ፦ ኢኮኖሚው ምንድን ነው?

ሙንተሲር፦ ቁልቋል ከሚመስል ተክል የሚጠመቅ መጠጥ።

ሀሚዱ፦ ያሰክራል?

ሙንተሲር፦ በመጠኑ።

ሀሚዱ፦ ይሄንን በሸሁ ቤት ልናገር?

ሙንተሲር፦ እሱን ዝለለው። ሱፍ ይሸምናሉ በል።

ሀሚዱ፦ መጨረሻቸውስ?

ሙንተሲር፦ ስፔን የሚባል እንግዳ ከባሕር ማዶ መጣ። መንገድ መሩት፣ ስንቅ ተሸከሙለት፣ ንጉሡን አብረው ጣሉ። ከዚያ ወዲያ ይህን ያነበብኩበት ወረቀት ተቀዷል።

ሀሚዱ፦ እንግዳው ታዲያ ወደ አገሩ ተመለሰ?

ሙንተሲር፦ ሥራው ካለቀ ምን ይሠራል?

(ሀሚዱ የሸሁን ቤት ስለማያውቀው ሙንተሲር ራሱ ይመራዋል። ሽማግሌ እንዲመስል ያለችውን አንድ ኮት አለበሰው፤ እሱ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተሸጉጦ እሾህ እየነቀለ ቆየ። ሀሚዱ በልቶ ጠግቦ ወጣ።)

ሙንተሲር፦ ተናገርክ?

ሀሚዱ፦ አንድ ሳላስቀር። ሸሁ በጨው ነገር በጣም አዘኑ። «የኔ ልጅ ግን ያለ ጨው ወጥ አትሠራም» አሉ።

ሙንተሲር፦ ዙለይሃስ?

ሀሚዱ፦ ከመጋረጃው ጀርባ ስትስቅ ቆየች። ኋላ ብቅ ብላ «አይንበረከክም ያልከው ሰውዬ አጥራችን ሥር ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ሙንተሲር፦ ምን አልካት?

ሀሚዱ፦ «ተከቦ ነው» አልኳት። ከዚያ ሸሁ «አንተስ፣ ማሳህ?» አሉ። ሐይቅ ዳር ያለችኝን ነገርኳቸው። «ሚስትስ?» አሉ። የለኝም አልኩ። ዙለይሃ መሳቋን ተወች።

ሙንተሲር፦ (ቁጭ እያለ) ተወች?

ሀሚዱ፦ ኮቱንም እያየች «ያምርብሃል» አለች። «ሽማግሌ ላክ» ተባልኩ። እኔ ደግሞ ካንተ ሌላ ተናጋሪ አላውቅም።

ሙንተሲር፦ ኮቴን መልስ።

ሀሚዱ፦ ከኒካው በኋላ። (ትንሽ አሰብ አድርጎ) ስማ ሙንተሲር፣ ያ እንግዳ ወደ አገሩ የተመለሰ አይመስለኝም።

የሚሊሻው መኪና ሐሙስ ይነሳል። አንባቢ ሆይ፣ የዚያች ወረቀት የመጨረሻ ገጽ እጅህ ላይ ካለች፣ ወይም ያላገባች እህት ካለችህ፣ አደራህን እስከ ረቡዕ ድረስ…